ማርሹ የከበደ መኪና፦ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ከማስወረዳችሁ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

«ማርሹ አልገባም ይለኛል፤ ካምቢዮው ይውረድ ወይ?» ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ከሚመላለሱ ወዳጆቼ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የደብረ ማርቆሱ «ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው እምቢ ይላል» ይለኛል። የቡሬው ደግሞ «የኋላ ማርሽ ሳስገባ ይጮኻል፤ መካኒኩ ካምቢዮው አልቋል አለኝ» ይላል። መልሱን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ብጨርሰው ይሻላል።

ካምቢዮ ማስወረድ የመጨረሻው ሥራ ነው። ማርሽ የሚከብደው፣ የሚጮኸው ወይም ቦታው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ ባለ ችግር ነው፤ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚለየውና የሚያገናኘው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ሳይለይ ሲቀር፣ የማርሽ ዘንጉ (በእጅ የምንይዘው) እና ካቦው (የብረት ገመዱ) ላልተው ወይም ደርቀው፣ አለዚያም ዘይቱ አርጅቶ ወይም የማይስማማ ዘይት ተሞልቶ። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምሬ ወደሚያስወጣው ደርድሬአቸዋለሁ። ደረጃ 1 ወደ ሌላ ካልመራችሁ በቀር ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላም መኪናውን ነድታችሁ ሞክሩ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን ከሠራችሁ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም፣ ችግሩ ሲመለስም እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

መመሪያው እንደ ኮሮላና ያሪስ ላሉ በፊት ጎማ ለሚነዱ አነስተኛ መኪኖችና እንደ ሃይሉክስ ላሉ በኋላ ጎማ ለሚነዱ ፒካፖች ይሆናል። በአየር ግፊት የሚታገዝ ማርሽ ያላቸው ከባድ የጭነት መኪኖች አሠራራቸው ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገቡም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሪክ፣ ሁለት ወይም አራት ካቫሌቶ (የተነሣው መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ)፣ ጎማ እንዳይንከባለል የሚሰካ ታኮ (የጋራዥ ጉድጓድ ካገኛችሁ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ)
- ከ8 እስከ 24 የሚደርሱ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ
- ለመኪናችሁ የታዘዘው የካምቢዮ ዘይት፤ ለአነስተኛ መኪኖች 2 ሊትር ገደማ፣ ለፒካፕ ከዚያ በላይ
- ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፤ የትኛው እንደሆነ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል
- ለዘይት ቡሎኖቹ አዲስ ሮንዴላ
- ነጭ የሊትየም ግራሶ ወይም የሲሊከን ግራሶ
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ
- አንድ ሜትር የሚሆን በውስጡ የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ዘይት መቀበያ ሰፊ ሳፋ
- ለፍሪሲዮኑ ሥራ ፔዳል የሚረግጥላችሁ አንድ ረዳት

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ድንጋይ ወይም ብሎኬት መደገፍ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ብሎኬት ግን ክብደቱ በአንድ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ምልክት ሳይሰጥ ይፈረካከሳል። ካቫሌቶ ከሌላችሁ ከመኪናው ሥር የሚያስገባውን ሥራ ለጋራዥ ተዉት።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ እጠቡት፤ ዓይን ከነካም እንዲሁ በውኃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ደረጃ 1፦ በሽታው የት እንደሆነ ለዩ

ይህን ደረጃ በትዕግሥት ሥሩት፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። መሣሪያ አይፈልግም።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ፣ የኋላውንም ጨምሮ፣ አስገቡ አውጡ። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ ማርሽ «አልገባም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል። ወደ ዜሮ ማርሽ መልሳችሁ መኪናውን በእጅ ትንሽ ገፋ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሡ፤ የእግር ፍሬን ረግጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ያንኑ ድገሙ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት።

ሞተሩ ጠፍቶ ቀላል፣ ሞተሩ በርቶ ከባድ ከሆነ ችግሩ ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ ተረግጦም የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት) ሙሉ በሙሉ አልተለየም፤ ስለዚህ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘንግ እያሽከረከረ እናንተ በሚዞር ጥርስ መካከል ማርሽ ልታስገቡ ትታገላላችሁ። ወደ ደረጃ 2 እና 3 ሂዱ።

ሞተሩ ጠፍቶም በርቶም እኩል ከከበደ ፍሪሲዮኑ ነፃ ነው። የማርሽ ዘንጉን፣ ካቦውንና ቦኮላውን (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቀለበት) በደረጃ 4 ተመልከቱ።

ጠዋት ከብዶ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ከለቀቀ ዘይቱን ጠርጥሩ፤ ደረጃ 5። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከባሕር ዳር በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላሉ፤ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና የካምቢዮ ዘይቱ ወፍሮ ያድራል። ያው መኪና ባሕር ዳር ሲያድር ያን ያህል አያስቸግርም።

ቆሞ ሁሉም ቀላል ሆኖ በጉዞ ላይ አንድ ማርሽ ብቻ (ብዙ ጊዜ ሁለተኛው) የሚጮህ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ተበልቷል። ሲንክሮናይዘር ጥርሶቹ ከመጠላለፋቸው በፊት ፍጥነታቸውን እኩል የሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የሚሠራ ቀለበት ነው። ጥሩ ዘይት ሊያሻሽለው ይችላል፤ የተበላውን ግን አይመልሰውም።

ማርሹ ገብቶ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ደረጃ 4 እና 6ን አይታችሁ ካልተገኘ ውስጣዊ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ ለፍሪሲዮን፦ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየዞረ፣ በዜሮ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ፍሪሲዮኑን ርገጡና እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ከዚያ የኋላውን አስገቡ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ ሳይጠብቁ ካስገቡት ጤነኛውም ይጮኻል። አምስት ቆጥራችሁም ከጮኸ ግን ዲስኩ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። ከኋላም ከፊትም ሰው አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ፍሪሲዮን የማይለይ መኪና ፔዳል ተረግጦለትም ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ምንጣፍና ወንበር

ከፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ አውጡ። ፋብሪካው ባነጠፈው ላይ ጎማ፣ በጎማው ላይ ሌላ ምንጣፍ የተደራረበበት መኪና ብዙ ነው፤ በክረምት ጭቃውን ለመከላከል ካርቶን ሲጨመርበት ደግሞ ፔዳሉ ወለል ሳይደርስ ይቆማል። ፍሪሲዮን የሚለየው በፔዳሉ የታችኛው ጉዞ ላይ ስለሆነ የጣት ውፍረት ያለው ምንጣፍ ማርሹን ለማስጮህ ይበቃል። ወንበሩንም ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ እስኪቀር ድረስ ወደፊት አስጠጉት። በዚህ ብቻ የሚድን መኪና አለ።

ደረጃ 3፦ ፍሪሲዮን

በመጀመሪያ መኪናችሁ በዘይት ይሁን በካቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን እንዳለው ለዩ። ከፔዳሉ በስተጀርባ፣ በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ፖምፓ ካለ በዘይት ነው፤ ጠመዝማዛ ካቦ ብቻ ከወጣ በካቦ።

የፔዳሉን ነፃ ጉዞ መለካት። ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። መጀመሪያ ያለምንም ተቃውሞ ትንሽ ይሄዳል፤ ከዚያ መክበድ ይጀምራል። ያ ነፃ ጉዞ በብዙ የቶዮታ አነስተኛ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከበዛ ፍሪሲዮኑ አይለይም፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይጨበጥ ቀርቶ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። ማስተካከያው በፔዳሉ በላይ በኩል ያለው ዘንግ ላይ ያለ ዳዶ ነው፤ መቆለፊያውን ዳዶ አላልታችሁ ዘንጉን በትንሽ በትንሹ አዙሩ፣ ለኩ፣ ቆልፉ። በካቦ በሚሠራው ማስተካከያው በካቦው ጫፍ ላይ ነው። ካቦው ላይ የተበጠሰ ሽቦ አንድ እንኳ ካያችሁ አታስተካክሉት፤ ቀይሩት፤ ቀሪዎቹ ሽቦዎች መንገድ ላይ ነው የሚበጠሱት።

ፍሳሽ መፈለግ። የዘይቱን ማጠራቀሚያ እዩ። በብዙ መኪኖች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ አንድ ማጠራቀሚያ ይጋራሉ። መጠኑ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ጨምሮ ዝም ማለት አይገባም፤ የት እንደሄደ ፈልጉ። መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ከፔዳሉ በላይ ያለውን የፖምፓውን ዘንግ በጣት ዳብሱ፤ እርጥብ ከሆነ ላይኛው ፖምፓ ያንጠባጥባል። ከዚያ ካምቢዮው ላይ ያለውን የታችኛውን ፖምፓ የጎማ ክዳን በካቻቪቴ ጫፍ ገለጥ አድርጉት። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ጥቁር ዘይት ከወጣ በፖምፓው ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ (ጎማ) ተበልቷል፤ የሚያንጠባጥብ ፖምፓ አየርም ስለሚያስገባ ዘይት እየጨመሩ መንዳት መፍትሔ አይሆንም።

አየር ማስወጣትና ዘይቱን ማደስ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ቢታደስ ጥሩ ነው። ቡና የመሰለ ቀለም ካለው ጊዜው አልፏል። በቱቦው ውስጥ አየር ካለ ደግሞ ፔዳሉ ስትረግጡት አየሩ ይጨመቃል እንጂ ዲስኩን የሚገፋው ኃይል ሙሉ ሆኖ አይደርስም። አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ማጠራቀሚያውን በአዲስ ዘይት ሙሉት። በሥራው መካከል ከጎደለ አየር ስለሚስብ ዓይናችሁን አትንቀሉበት።
2. የታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ጡት አጽዱ፤ የቱቦውን አንድ ጫፍ አልብሷት፤ ሌላውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት።
3. ረዳታችሁ ፔዳሉን ረግጦ «ይዤአለሁ» ይበል። እናንተ ጡቷን ሩብ ዙር ፍቱ። ዘይትና አረፋ ይወጣል። ዝጉ። «ልቀቅ» በሉ።
4. አረፋ ቀርቶ ንጹሕ ዘይት ብቻ እስኪወጣ ድገሙት።

ቅደም ተከተሉ የተዛባ ከሆነ፣ ማለትም ጡቷ ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ፣ ያወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ትስባላችሁ። ስለዚህ ከረዳታችሁ ጋር ቃሉን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «እሺ» እና «እሺ እሺ» እየተባለ የተሠራ ሥራ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ማጠራቀሚያውን ከፍሬኑ ጋር የሚጋራ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ የፍሬን ፔዳሉም ጠንካራ መሆኑን ቆማችሁ ሳትፈትሹ መንገድ አትውጡ።

ሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም ሌላ ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ በፍጹም አታስገቡ። በፖምፓዎቹ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም ያሳጣችኋል።

ደረጃ 4፦ የማርሽ ዘንግ፣ ካቦና ቦኮላ

ማርሹ ውስጥ ሆኖ ዘንጉ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሦስተኛውን ፈልጋችሁ አንደኛው የሚገባ ከሆነ፣ ወይም የዘንጉ መሃል የት እንደሆነ ከጠፋችሁ ቦታው ይህ ነው። ከአስፋልት ወጥታችሁ የጠጠር መንገድ የምትመላለሱ በተለይ እዚህ ላይ ቆዩ፤ የበጋው አቧራ ግራሶው ላይ እየተቀመጠ እንደ አሸዋ ወረቀት ቦኮላውን ይፍቀዋል፣ ክረምቱ ደግሞ ጭቃውን ይጨምርበታል።

በፊት ጎማ በሚነዱት መኪኖች ከማርሽ ዘንጉ ሁለት ካቦ ይወጣል። አንዱ የዘንጉን የፊትና የኋላ፣ ሌላው የግራና የቀኝ እንቅስቃሴ ወደ ካምቢዮው ያደርሳል። በሁለቱም ጫፍ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቦኮላ አለ።

1. ኮፈኑን ክፈቱ። ካቦዎቹ ካምቢዮው ላይ የሚያርፉበትን ቦታ ፈልጉ፤ በአንዳንድ መኪና ባትሪውን ወይም የአየር ማጣሪያውን ማንሣት ይጠይቃል። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን በመጀመሪያ።
2. ረዳታችሁ ማርሽ ሲቀይር እናንተ የካቦውን ጫፍ ተመልከቱ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ካቦው ወዲያውኑ ካልተከተለ፣ በመካከል ያለው ክፍተት የተበላው ቦኮላ ነው። ብዙ ጊዜ ሲፈታ ፕላስቲኩ ተፈረካክሶ ቢጫ ፍርፋሪ ሆኖ በእጅ ይቀራል።
3. ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የካቦው ርዝመት የሚስተካከል ከሆነ ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ይህ ምልክት ከጠፋ ማርሾቹ ቦታቸውን ይስታሉ።
4. የድሮውን ቦኮላ አውጥታችሁ መቀመጫውን በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። አዲሱን በትንሽ ግራሶ ቀብታችሁ ግጠሙት። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ካጣችሁት አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ስታዙ የመኪናውን ዓመተ ምርትና የሻንሲ ቁጥር ያዙ፣ አሮጌውንም ናሙና ይዞ መሄድ ጭቅጭቅ ያስቀራል።
5. የዘንጉን ሽፋን ከመኪናው ውስጥ ገልጣችሁ ታችኛውን ኳስና መገጣጠሚያዎቹን አጽዱ፤ አሮጌውን ግራሶ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፤ ከዚያ አዲስ ቀቡ።

አዲስ ግራሶ በአቧራማ ግራሶ ላይ አትደርቡ። የተቀላቀለው አቧራ መፋቁን ይቀጥላል፤ ለሳምንት ቀላል ይሆናል፣ ከዚያ ይብሳል። በካቦው ቱቦ ውስጥም ዘይት አታንቆርቁሩ፤ የብዙዎቹ ውስጣቸው የራሱ ልስልስ ሽፋን አለው፣ ዘይቱ አቧራ ይይዝበታል። ካቦው ራሱ ከደረቀ መቀየር ነው።

ለሃይሉክስና ለመሰሎቹ ነገሩ ቀላል ነው። ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይተከላል፤ በታችኛው ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ቦኮላ፣ ከፍ ብሎም የኳስ መቀመጫ አለ። የጎማ ሽፋኑን ገልጣችሁ፣ የዘንጉን ክዳን ወደ ታች ተጭናችሁ በማዞር ወይም ቡሎኖቹን በመፍታት ዘንጉ ይወጣል። ዘንጉ ሲወጣ የካምቢዮው አፍ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ዙሪያውን አስቀድማችሁ አጽዱ፣ እንደወጣም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የወደቀች ሮንዴላ ያን ጊዜ እውነትም ካምቢዮ ታስወርዳለች። ቦኮላው ርካሽ ነው፤ በእጅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከዚህ መመሪያ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ይመስለኛል።

ደረጃ 5፦ የካምቢዮ ዘይት

የሞተር ዘይት የማይረሳ ሰው የካምቢዮውን ዘይት መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ላይነካው ይችላል። ብዙ የባለቤት መመሪያዎች ከ40,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ያዛሉ፤ አቧራ፣ ጭነትና ዳገት ለሚበዛበት መኪና ወደ ታችኛው ቁጥር ቅረቡ።

የትኛው ዘይት? በጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው ውፍረቱ ነው፦ 75ደብሊው-90፣ 80ደብሊው-90። የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ፍሰት ያሳያል፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በጠዋት ቶሎ ይፈሳል። መመሪያው ሁለቱንም የሚፈቅድ ከሆነና እንጅባራ ወይም ደብረ ማርቆስ የምታድሩ ከሆነ 75ደብሊውን ውሰዱ። ሁለተኛው ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚለው ነው፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎቹ ለሚያከፋፍለው ክፍል) ጥርስ ከባድ ጫና ተብሎ ተጨማሪ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ሲንክሮናይዘር የሚሠራው በመጨበጥ ስለሆነ ጂኤል-4 ብቻ በታዘዘለት ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 ሲገባ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ማርሹም ይጮኻል፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 ነሐሱንም ሊጎዳ ይችላል። መመሪያው «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5» ካለ ሁለቱም ይሆናሉ። «ቁጥሩ ከበለጠ ጥራቱም ይበልጣል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። በአንጻሩ የሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 ይፈልጋል፤ ጋራዥ ውስጥ ለሁለቱም ከአንድ ጀሪካን ሲቀዳ ካያችሁ አስቁሙ።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ለካምቢዮ የሞተር ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚያዙ አሉ። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ያለው ቃል የመጨረሻ ነው። ዘይቱን በማኅተሙ የታሸገ ግዙ፤ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

አቀያየሩ፦

1. መኪናውን ነድታችሁ ዘይቱ እንዲሞቅ አድርጉ። የሞቀ ዘይት ፈጥኖ ይወርዳል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ትንሽ ጠብቁ።
2. አራቱንም ጎማ እኩል አንሥታችሁ በካቫሌቶ ደግፉ፣ ወይም ጉድጓድ ላይ አቁሙት። መኪናው ካዘነበለ የምትሞሉት መጠን ይሳሳታል።
3. የመሙያውን ቡሎን በመጀመሪያ ፍቱ። ይህ በካምቢዮው ጎን ላይ ያለው ነው። ማውረጃውን አስቀድማችሁ አፍስሳችሁ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ ዘይት የሌለው መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ።
4. አሁን የታችኛውን ማውረጃ ቡሎን ፍቱ፤ ሳፋው ከሥሩ ይሁን። እስኪንጠባጠብ ድረስ ጠብቁ።
5. ቡሎኑን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ጫፋቸው ማግኔት ነው። የተያዘውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሹት። እንደ ጥቁር ግራሶ ለስላሳ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ብረት ከብረት ሲሠራ የሚመጣ ነው። ከሳፋው ውስጥ ትንሽ ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ ያዙት፤ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ብልጭታ ከበዛበት የሲንክሮናይዘሩ ነሐስ እያለቀ ነው። ጣት የሚወጋ ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ (ዘንግ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) ተሰብሯል፤ መኪናውን አትንዱት።
6. ቡሎኑን አጽድታችሁ በአዲስ ሮንዴላ መልሱ። አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝማችሁ አትጨብጡት፤ ጥርሱ ይላጫል።
7. ወፍራም ዘይት በቀላሉ አይገባም። የሃይላንድ ጠርሙሱን ቂጥ ቆርጣችሁ አፉን ከቱቦው ጋር አያይዙት፤ ጠርሙሱን ከኮፈኑ በላይ ስቀሉት፤ ዘይቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ደርሶ መፍሰስ ሲጀምር በቅቷል። ትርፉ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ዝጉ።

ዘይቱ ከጎደለ ጥርስና ኩሽኔታ ይቃጠላሉ። ከበዛም አረፋ ይሠራል፤ ፓራኦሊዮውንም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) አልፎ ሊወጣ፣ ፍሪሲዮን ዲስኩንም ሊያቀባው ይችላል። አሮጌውን ዘይት ማሳ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ በጀሪካን አድርጋችሁ ለጋራዥ ስጡ።

ደረጃ 6፦ የሞተርና የካምቢዮ ጎሚኒ

ሞተሩን የሚይዙት ጎሚኒዎች ከተቆረጡ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከእሱ ጋር ካምቢዮው ይሄዳል፣ ካቦውም ይሳባል። ምልክቱ ዳገት ላይ ማርሹ ሲከብድ ወይም ሲወጣ፣ ሜዳ ላይ ደህና መሆኑ ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ረዳታችሁ የእግርና የእጅ ፍሬን ይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ብቻ ይልቀቅ፤ እናንተ ከጎን ቆማችሁ ሞተሩን እዩ። ከመኪናው ፊት ማንም እንዳይቆም። ጥቂት ያዘነብላል፤ ዘሎ ከተነሣ ጎሚኒው አልቋል።

ደረጃ 7፦ እጅና እግር

መኪናው ተስተካክሎም አነዳዱ ያው ከሆነ በዓመቱ ተመልሶ ይከብዳል።

እጃችሁን ዘንጉ ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ። ክብደቱ በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚያስገባውን ሹካ ከሚዞር ቀለበት ጋር ያፋትገዋል። እግራችሁንም ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሡ። ማርሽ ስትቀይሩ ዘንጉን በመዳፍ ግፉት እንጂ በጡጫ አትምቱት፤ በዜሮ ማርሽ ላይ ለቅጽበት ቆም ማለት ለሲንክሮናይዘሩ ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ ይሰጠዋል። የኋላ ማርሽ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም አይገባም፤ ካንገራገረ አንደኛን ወይም ሁለተኛን አስገብታችሁ አውጡና ወዲያው ወደ ኋላው ሂዱ፤ የሚዞረው ዘንግ ይቆምላችኋል።

ስለ ዓባይ በረሃ ለብቻው መናገር አለብኝ። ከደጀንም ሆነ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አፋፉ ላይ፣ ዳገቱን ለመውጣት የምትጠቀሙበትን ማርሽ አስገቡ። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ሁለተኛን በግድ መክተት ሲንክሮናይዘሩን ይበላዋል፤ ከናካቴው አልገባም ቢል ደግሞ በዜሮ ማርሽ ቁልቁል ትቀራላችሁ። ፍጥነት ላይ ሆናችሁ ወደ ታችኛው ማርሽ መውረድ ግድ ከሆነ በፍሬን ቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ሳለ ነዳጅ ትንሽ ንካ አድርጋችሁ ሞተሩን አንሡ፣ ከዚያ አስገቡና በዝግታ ልቀቁ፤ የሞተሩና የጎማው ፍጥነት ስለሚቀራረብ መኪናው አይንገጫገጭም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ፍሬን ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ቁጠባውም የለም፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፣ በዜሮ ማርሽ ግን ሚኒሞውን ለመጠበቅ ነዳጅ ያቃጥላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ሳይለዩ መግዛት። ደረጃ 1 ሳይሠራ የተገዛ ፍሪሲዮን ተቀይሮ ችግሩ የአንድ ቦኮላ ሆኖ ይገኛል።
- ዘይቱ ላይ «ማርሽ የሚያለሰልስ» ተጨማሪ ፈሳሽ መጨመር። ማለስለሱ ራሱ ሲንክሮናይዘሩን ያዳክማል።
- የማርሽ ዘንግ ማሳጠር። ጉዞው ያጥራል፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ይጨምራል። የከበደ ማርሽ ላይ አሳጥሮ መግጠም ችግሩን ያባብሳል።
- በዘንጉ ላይ ከባድ የብረት ጌጥ መስቀል። በጠጠር መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የላላ ማርሽ ያስወጣል።

ወደ ጋራዥ የሚያስኬደው መቼ ነው?

አየሩ ወጥቶ፣ ፖምፓዎቹ ደረቅ ሆነው፣ ነፃ ጉዞው ተስተካክሎም ፍሪሲዮኑ ካልተለየ፤ በማውረጃው ላይ ስባሪ ከተገኘ፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚመጣና ሲለቀቅ የሚጠፋ የጩኸት ድምፅ ካለ፤ ወይም አንድ ማርሽ ትክክለኛው ዘይት ገብቶም መጮሁን ካልተወ፣ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ። መካኒኩን ያገኛችሁትን በዝርዝር ንገሩት፦ «ሞተሩ ጠፍቶ ይገባል፣ በርቶ አይገባም፤ አየር አስወጥተናል፤ ዘይቱ ጂኤል-4 ነው።» ከወረደ በኋላም ዲስኩን፣ ስፒንጊዲስኮውን (ዲስኩን የሚጨብጠውን ሳህን) እና ሬጂስፒንታውን (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚገፋውን ኩሽኔታ) አብራችሁ አስቀይሩ፤ ቮላኖው መላጥ ይፈልግ እንደሆነ አሳዩት፤ የካምቢዮው ፊት ላይ ያለው ፓራኦሊዮም በዚያው ይቀየር። የእጅ ዋጋው የሚከፈለው ለማውረድና ለመስቀል ስለሆነ አንዱን ዕቃ ለመቆጠብ ብሎ የተወ ሰው ያንኑ ሒሳብ እንደገና ይከፍላል። መኪናውን ስትረከቡ ከጋራዡ ሳትወጡ የደረጃ 1ን ሙከራ መካኒኩ ፊት ድገሙት።